ረጅሙን የበዓል ዕረፍት ገጠር በሚኖሩ ወዳጆች ቤት ለማሳለፍ፦ ከቀጠሮ እስከ መልስ ጉዞ

በዓል ዓርብ ወይም ሰኞ ውሎ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሲገጥም ሦስት ወይም አራት ቀን የሚዘልቅ ዕረፍት ይገኛል። ይህን ዕረፍት ገጠር በሚኖሩ ወዳጆች ዘንድ ለማሳለፍ የሚወስን ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በዓሉ የሰው እንጂ የከብት አይደለም። የምትታለብ ላም በበዓል ቀንም ጠዋትና ማታ መታለቧ አይቀርም፣ ዶሮዎች ጎሕ ሲቀድ ተለቀው ሲመሽ ሊዘጋባቸው ይገባል፣ የደረሰ ሰብልም ባለቤቱ እንግዳ እስኪሸኝ አይጠብቅም። እንግዳው ሥራውን ዘግቶ ሲመጣ ባለቤቶቹ ሥራቸው ላይ እንዳሉ ይቀበሉታል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከሞላ ጎደል ከዚሁ የሚነሡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቀጠሮውን ቁርጥ ማድረግ

“በበዓሉ ሰሞን ብቅ እንላለን” ማለት ቀጠሮ አይደለም። ለወዳጆችዎ ሲደውሉ የሚደርሱበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚመለሱበትን ቀንና ሰዓት፣ አብረውዎት የሚመጡትን ሰዎች ቁጥርና የልጆቹን ዕድሜ በግልጽ ይንገሩ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመመለሻው ሰዓት ነው። ባለቤቶቹ እንግዳው መቼ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ነገር ግን ይሉኝታ ስለሚይዛቸው “መቼ ትመለሳላችሁ?” ብለው አይጠይቁም። ስለዚህ ሳይጠየቁ መናገር የእንግዳው ፈንታ ነው። “ሰኞ ቁርስ በልተን እንነሣለን” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ባለቤቶቹ የሰኞን ከሰዓት በኋላ ሥራ በልበ ሙሉነት እንዲያቅዱ ያስችላቸዋል።

በዚያው የስልክ ጥሪ መጠየቅ ያለባቸው ጉዳዮች አሉ። በሰሞኑ የሚበረታ ሥራ አለ ወይ? ሌላ ዘመድ ወይም እንግዳ ይመጣል ወይ? ውሃው ከየት ይመጣል፣ መብራትስ ይቆራረጣል ወይ? ስልክ በቤቱ ውስጥ ይሠራል ወይ? ከዋናው መንገድ ወዲህ ያለው መንገድ ለአነስተኛ መኪና ይመቻል ወይ? አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘን እንምጣ ወይ? በተለይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲነሣ የመልሱን ቃል ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ያዳምጡ። “አይ፣ ምንም አይደል፣ ኑ ብቻ” የሚለው መልስ ከትንሽ ዝምታ በኋላ የመጣ ከሆነ ጊዜው አልተመቸም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ የዕረፍት ቀን አማራጭ አድርጎ ማቅረብ ወዳጅነትን አይጎዳም።

በእርስዎም በኩል ሊነገር የሚገባውን አይደብቁ። ከቤተሰቡ መካከል አስም፣ ለእንስሳት ጠጉር ወይም ለድርቆሽ አቧራ የሚነሣ አለርጂ፣ ወይም የማይበላው ምግብ ያለው ሰው ካለ ባለቤቶቹ ገበያ ከመውጣታቸውና መኝታ ከማዘጋጀታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል። ገበታ ላይ ከተቀመጡ በኋላ “እኔ ይህን አልበላም” ማለት ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ሲል የዋለን ሰው ቅስም ይሰብራል። ውሻ ይዘው ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ ፈቃዱን በግልጽ ይጠይቁ፤ እምቢታውንም በቅንነት ይቀበሉ። ከተማ ያደገ ጨዋ ውሻ በጎች ሲሮጡ ሲያይ ሊያሳድዳቸው ይችላል፣ የተባረረች እርጉዝ በግም ልትጨነግፍ ትችላለች።

ደረጃ 2፦ የሚያዝና የማይያዝ

ከልብስ ይልቅ ጫማ ላይ ያተኩሩ። ጭቃና እበት የማይጎዳው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን አንድ ጫማ ለአንድ ሰው በቂ ነው፤ ለቤት ውስጥ ደግሞ ነጠላ ጫማ ይያዝ። ማታ ገጠር ከከተማ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ወፍራም ሹራብ አይቅር። የእጅ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቢኖር ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ሌላውን መቀስቀስ የለበትም። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቆይታው ቀናት በተጨማሪ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ትርፍ ይያዝ፤ በበዓል ሰሞን መድኃኒት ቤቶች ሊዘጉ፣ መንገድም ሊበላሽ ይችላል። ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ ቀጭን ወረንጦ፣ የነፍሳት መከላከያ ቅባት እና ፓወር ባንክ የተቀሩት ናቸው። ስለ ፓወር ባንኩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ስልክ ምልክት ፍለጋ ሲደክም ባትሪውን ከወትሮው ፈጥኖ ስለሚጨርስ፣ ኔትወርክ ከሌለ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስጦታን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ተበልቶ ወይም ተሠርቶበት የሚያልቅ ነገር ነው። ለመደርደሪያ የሚሆን ጌጥ ባለቤቶቹን ቦታ ከማሳጣት በቀር የሚፈይደው የለም። እዚያ አካባቢ የማይገኝ ምግብ፣ ጥሩ ቢላዋ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ወይም “ከከተማ ምን ላምጣላችሁ?” ተብሎ ተጠይቆ የተገዛ የቧንቧ ዕቃ ከጌጥ ይበልጥ ያስደስታል። ችግኝ፣ ዘር፣ አፈር ያለበት ተክል ወይም ሕይወት ያለው እንስሳ ግን ሳይጠይቁ ይዘው አይሂዱ፤ የሰብልና የከብት በሽታ ከቦታ ወደ ቦታ ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን አንድ ሙሉ ማዕድ ነው። የደረሳችሁበትን ምሽት እራት ከነዳቦውና ከነፍራፍሬው አዘጋጅታችሁ ብትሄዱ፣ ባለቤቶቹ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ከምድጃ ነጻ ይሆናሉ። የሚበላሽ ምግብ ከተያዘ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቆይ። የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ቆይቶ እንደሆነ መብላቱ አይመከርም።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በብርሃን መጨረስ

በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሰው ሥራ ሲለቅ በተመሳሳይ ሰዓት ይወጣል። የሚቻል ከሆነ ዋዜማው ማታ ከመጓዝ በማግስቱ በጠዋት መነሣት ይሻላል፤ የመንገድ መጨናነቅ ከመቀነሱም በላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ አሽከርካሪ ሌሊት መሪ አይጨብጥም። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ፍጥነትና ንቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ተረጋግጧል። በየ2 ሰዓቱ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማረፍ ይገባል። ዓይን መከደን ሲጀምር መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አይረዳም፣ መኪናውን አቁሞ መተኛት እንጂ።

የጎማውን ንፋስ ከመነሣትዎ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያስለኩ፤ መኪናው ሰውና ጓዝ ሲሞላ ከወትሮው ከፍ ያለ ልክ ሊያስፈልገው ስለሚችል በመኪናው መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። ትርፍ ጎማው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻውም በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጡ። ነዳጅ ከዋናው መንገድ ከመገንጠልዎ በፊት ይሙሉ። ካርታውን ቤት ሳሉ ስልክዎ ላይ ያውርዱት፤ የስልኩ አቅጣጫ ጠቋሚ ያለ ኔትወርክም የቆሙበትን ቦታ ያውቃል፣ ካርታው ካልወረደ ግን የሚያሳይዎት ባዶ ገጽ ላይ ያለ ነጥብ ነው። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን ካርታን ከማመን ባለቤቶቹን ማመን ይሻላል። “ከድልድዩ በኋላ ሁለተኛው ግራ፣ ቆርቆሮው ሰማያዊ የሆነ ቤት ጋ” የሚለውን መግለጫ በወረቀት ጽፈው ይያዙ።

ጠጠር መንገድ ላይ ጎማ እንደ አስፋልቱ ስለማይቆነጥጥ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ ፍጥነት ይቀንስ፣ ፍሬንም በድንገት አይረገጥ። ከብት መንገድ ዳር ካዩ ጥሩምባ ከመንፋት ይልቅ ይቁሙ፤ አንዷ ካለፈች የምትከተላት መኖሯን ይጠብቁ። መንገዱን ጎርፍ ካቋረጠው አይግቡበት። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አነስተኛ መኪናን ሊወስድ ይችላል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ደግሞ ቆሞ የሚሄድን ሰው ሊጥል ይችላል። ደፍርሶ የሚወርድ ውሃ ከሥሩ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ እንደሆነ አያሳይም።

ከዚያ በር ይመጣል። የከብት አጥር በር አከፋፈት ለከተማ ሰው ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በአካባቢው እንግዳን ከሚያስወድዱትና ከሚያስጠሉት ነገሮች መካከል ይህን የሚያህል የለም። መኪናው ከበሩ ራቅ ብሎ ይቆማል። አንድ ሰው ይወርድና በሩ የታሰረው በሰንሰለት፣ በሽቦ ወይም በገመድ መሆኑን፣ ሰንሰለት ከሆነም ስንተኛው ቀለበት ላይ እንደተንጠለጠለ ልብ ብሎ ያያል። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በእጁ ይዞ ይቆማል፤ በግማሽ የተለቀቀ በር ንፋስ መልሶ መኪናው ላይ ሊመታው ይችላል። መኪናው ካለፈ በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ሰንሰለቱም ቀድሞ በነበረበት ቀለበት ላይ ይመለሳል፤ አንድ ቀለበት ላልቶ የቀረ ሰንሰለት ጥጃ በአፍንጫው ገፍቶ ለመውጣት የሚበቃውን ክፍተት ይተዋል። ክፍት ሆኖ የተገኘ በር ግን ክፍት ሆኖ ይቅር፤ ከብቶቹ ውሃ ወዳለበት እንዲሻገሩ ሆን ተብሎ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ከኋላዎ የሚከተል መኪና ካለም “እነርሱ ይዘጉታል” ብለው አይለፉ፤ እነርሱም የሚያስቡት ያንኑ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ምሽት ጥያቄዎች

ሰላምታው አልቆ ጓዝ ከገባ በኋላ ባለቤቶቹ ቤቱንና ግቢውን እንዲያስጎበኙ ይጠይቁ። ይህ ከጨዋነት በላይ ነው። የሌሊቱ መጸዳጃ የት ነው፣ ማታ የሚፈታ ውሻ አለ ወይ፣ የትኛው ገመድ ኤሌክትሪክ አለው፣ የትኛው ጉድጓድ ክዳን የለውም የሚሉት ጥያቄዎች በብርሃን ሲመለሱ ነው የሚጠቅሙት። የኤሌክትሪክ አጥር ከሰኮንድ በሚበልጥ ልዩነት አጭር ንዝረት ይልካል፣ ይህም ጤነኛ ሰውን አስደንግጦ ቢለቅም የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ፈጽሞ ሊጠጋው አይገባም።

ውሃ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ። ገጠር ብዙ ቤቶች ውሃ የሚያገኙት ከግቢ ጉድጓድ፣ ከምንጭ፣ ከተጠራቀመ ዝናብ ወይም በጀሪካን ተሸክመው ነው። ጉድጓዱ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል። መደበኛ የመታጠቢያ ቧንቧ በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያህል ያፈስሳል፤ አራት እንግዶች እያንዳንዳቸው ለ10 ደቂቃ ቢታጠቡ ከ320 እስከ 400 ሊትር ይሄዳል፣ ይህም ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን ታንከር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰውነትዎን ሲያረጥቡና ሲያለቀልቁ ብቻ ውሃውን ይክፈቱ፣ ሳሙና ሲቀቡ ይዝጉት። መታጠቢያውንም ሁሉም በአንድ ጠዋት ከሚሻሙበት ከፊሉ ማታ፣ ከፊሉ ጠዋት ይታጠብ።

ይህ የሚጠቅመው ለታንከሩ ብቻ አይደለም። የመጸዳጃ ፍሳሹ በግቢ ውስጥ ወዳለ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚገባ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ብዙ ውሃ ገና ያልተብላላውን ገፍቶ ያስወጣል፣ ጠንካራ የጽዳት ኬሚካል ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። እርጥብ መጥረጊያ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ጥጥና ቅባት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉ። “በውሃ ይሄዳል” ተብሎ የተጻፈበትም እርጥብ መጥረጊያ እንደ ወረቀት ስለማይሟሟ ጉድጓዱን ይደፍናል። የደፈነውን የሚያወጣው እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው።

የሚጠጣውን ውሃ በተመለከተ ባለቤቶቹ ዕድሜ ልካቸውን የጠጡት ውሃ ለእንግዳ ሆድ ላይስማማ ይችላል። ያልታከመ ውሃ ከሆነ እየተንፈቀፈቀ ለ1 ደቂቃ ይፍላ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያስወግድም። እርሻና በረት አጠገብ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ከማዳበሪያና ከእበት የሚመጣ ናይትሬት ሊኖር ስለሚችልና ይህም የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚቀንስ፣ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ሕፃን ካለ የታሸገ ውሃ ይያዝለት።

መብራት ከጠፋ ጀነሬተር ቤት ውስጥም ሆነ በረንዳ ላይ አይነሣ፤ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ከሰልም በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ለማሞቂያ አይግባ። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ባለቤቶቹ “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው” ቢሉ እንኳን በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አይያዝዎ፤ ብርድ ልብስ ይደረብልን ማለት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ በቤቱ ሰዓት መነሣትና እጅን ማዋስ

የቤቱን ሰዓት ይያዙ። ባለቤቶቹ በጊዜ የሚተኙ ከሆነ እኩለ ሌሊት ድረስ ጨዋታ ማስረዘም በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሚነሣውን ሰው እንቅልፍ መውሰድ ነው። ይሉኝታ ይዟቸው አብረው ስለሚያመሹ፣ “ደክሞናል፣ እንተኛ” የሚለው ቃል ከእንግዳው አፍ መውጣት አለበት። ጠዋት አብረው መነሣት ግዴታ ባይሆንም፣ ቢያንስ አንድ ጠዋት ተነሥተው ወደ በረት ቢከተሏቸው የመጡበትን ኑሮ ያዩታል። ከዕረፍቱ ቀናት ሁሉ ብዙ ወሬ የሚወራው፣ ከልብ የሆነው ጨዋታ የሚመጣው፣ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ነው።

“ምን ላግዝ?” የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው “አይ፣ አረፍ በሉ” የሚል መልስ ያመጣል። ይልቁንም አንድ ሥራ ለይተው “ዛሬ የምሳውን ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ” ወይም “ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ፣ እናንተ ሥራችሁን ጨርሱ” ይበሉ። ዕቃ ማጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ግቢ መጥረግ፣ የደረሰ አትክልት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት ብዙ ትምህርት የማያሻቸውና በእውነት የሚያሳርፉ ሥራዎች ናቸው። በአንጻሩ ትራክተር መንዳት፣ በሞተር መጋዝ እንጨት መቁረጥ፣ ፀረ ተባይ መርጨት፣ በሬ መያዝ የእንግዳ ሥራ አይደለም። በትራክተር መከላከያ ላይ ተቀምጦ መሄድም እንዲሁ፤ ለተሳፋሪ የተሠራ መቀመጫና ቀበቶ የሌለው ትራክተር አንድ ሰው ብቻ ይጭናል። ለማገዝ ተብሎ ያለ ልምድ የሚሠራ ሥራ ባለቤቱን ሁለት ሥራ ያሠራዋል፤ የመጀመሪያውን ሥራና እንግዳውን መጠበቅን።

ከማገዝ እኩል የሚያስፈልገው ራቅ ማለት ነው። በሦስት ቀን ቆይታ ውስጥ አንዱን ግማሽ ቀን ለራስዎ ወጥተው ያሳልፉ። ባለቤቶቹ በዚያ ጊዜ ቢተኙ፣ ቢሠሩ፣ እርስ በርስ ቢጨቃጨቁ የእነርሱ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 6፦ ከእንስሳት ጋር

ጥጃ ያላት ላም ዘንድ አይጠጉ፤ ሰላማዊ የምትመስል ላም ጥጃዋን ስትጠብቅ ሰው ትረግጣለች። ውሻ ይዘው ሲያልፉ ላሞች ከተከተሏችሁ ገመዱን ይልቀቁት፤ ውሻው ሮጦ ያመልጣል፣ ላሞቹም በአብዛኛው የሚከተሉት እርሱን ነው። ፈረስ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ከጎን እያናገሩት ይቅረቡ። ያለ ፈቃድ ምንም አያብሉ። ዳቦና እህል በድንገት በብዛት የበላች ላም ወይም በግ ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ በዝቶባት ልትሞት ትችላለች፤ ቸኮሌትና ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። ከማዕድ የተረፈ ሥጋ ለአሳማ አይጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በብሪታንያ የተነሣውና ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት የታረዱበት የአፍና የእግር በሽታ ወረርሽኝ መነሻው ሳይፈላ ለአሳማ የተሰጠ የምግብ ትርፍራፊ እንደነበር ይታመናል። በሽታው በጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃም ይሻገራል፤ በቅርቡ ሌላ የከብት ግቢ ረግጠው ከነበረ ጫማዎን አጥበው ይምጡ።

ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። በዓል ነው፣ ዕረፍት ነው ተብሎ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ልጆች ካሉ

ለልጆቹ ወሰኑን በቃል ሳይሆን በእግር ያሳዩአቸው፤ ይዟቸው ዞሮ “እስከዚህ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ አይቻልም” የሚል ትልቅ ሰው ይኑር። ኩሬ፣ የመስኖ ቦይና ክዳን የሌለው ጉድጓድ ዋነኛዎቹ አደጋዎች ናቸው። የሚሰምጥ ልጅ እንደሚታሰበው አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ በዝምታ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ አጠገብ ጠባቂው በስም የታወቀ አንድ ሰው ይሁን፤ “ሁላችንም እያየን ነው” ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል አንዳንድ ጊዜ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚቀመጥ ልጆች መጋዘን ውስጥ ያገኙትን ጠርሙስ እንዳይነኩ ይነገራቸው። ከላም በቀጥታ የታለበ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን የትኩሳት በሽታና የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ይፍላ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ።

ደረጃ 8፦ ሜዳና ጫካ ሲወጡ

ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ይንገሩ። የፀሐይ መከላከያ ከነፍሳት መከላከያው ቀድሞ ይቀባል። ረጅም ሱሪ ለብሰው ጫፉን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ያኔ መዥገር ወደ ቆዳ ከመድረሱ በፊት በልብሱ ላይ ሲሄድ ይታያል።

ሲመለሱ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት በስተጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና የልጆችን ራስ ቅል በእጅ እየዳሰሱ ይፈትሹ። ተጣብቆ የተገኘ መዥገር ሲነቀል ቀጭኑን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ራሱ ጋ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሆዱን መጨመቅ በውስጡ ያለውን ወደ ደም መግፋት ነው። ከዚያ ሳይጠመዝዙ፣ ሳይቸኩሉ፣ በእኩል ጉልበት ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ፣ ቦታውንም በሳሙና ማጠብ ነው። በክብሪት ማቃጠል፣ ቅባት ወይም ነዳጅ መቀባት ሲሠራበት የኖረ ቢሆንም አይጠቅምም፣ መዥገሩን ያስቆጣዋል እንጂ።

እባብ የነደፈው ሰው እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ በቶሎም ወደ ሕክምና ይወሰድ። መቁረጥ፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። እባቡን ለመያዝ መሞከርም ሁለተኛ ተነዳፊ መጨመር ነው።

ማታ ደግሞ ሰማዩን ሳያዩ አይተኙ። ዓይን ከጨለማ ጋር በሚገባ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ የስልክ ብርሃን ካየ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስልኩን ቤት ውስጥ ትተው፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ግድግዳ ተደግፈው ቢቀመጡ ከተማ ውስጥ ፈጽሞ የማይታየውን የኮከብ ብዛት ያያሉ።

ደረጃ 9፦ በተባለው ሰዓት መሄድ

ሊመለሱ ባሉበት ዋዜማ ማታ ጓዙን ይሸክፉ። ጠዋት አንሶላውን አንሥተው አጥፈው በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፣ የተኙበትን ክፍል ይጥረጉ። ይዘውት የመጡትን የፕላስቲክ ቆሻሻ ይዘው ይመለሱ፤ ገጠር ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና ላይመጣ ይችላል፣ የሚቀረው ወይ ይቃጠላል ወይ ይቀበራል። የተሰበረ ነገር ካለ ልጅ ሰበረው፣ ድመት ጣለችው ሳይባል ተነግሮ ይተካ። “ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም” የሚል ግብዣ ይመጣል፤ በምሳ ሰዓት እንሄዳለን ብለው ከነበረ ይቆዩ፣ ጠዋት እንሄዳለን ብለው ከነበረ ግን አመስግነው ይነሡ፣ ምክንያቱም ያ ምሳ እስካሁን አልተሠራም።

የመልስ ጉዞም እንደ መምጫው ነው፤ በሩ በነበረበት ይዘጋል፣ ጎማ ይታያል፣ ከሌላው ተጓዥ ጎርፍ በፊት ጥቂት ሰዓት መቅደም ይመረጣል። ቤት ሲገቡ ያን ዕለት ይደውሉ፤ ባለቤቶቹ ሳይጠይቁ እየጠበቁ ነው። ፎቶ አንሥተው ከነበረ በሳምንቱ ውስጥ ይላኩላቸው፣ የቤቱንና የልጆቹን ፎቶ ግን ሳይፈቀድልዎ ለሌላ ሰው አያጋሩ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የማያባራ ተቅማጥ ቢይዘው፣ ገጠር ከርሞ መምጣቱን፣ ያልፈላ ወተት ጠጥቶ ወይም መዥገር ነክሶት እንደሆነ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ጉብኝት ይንገር።